የእማማ የሺመቤት ለቅሶ በሙቱንጎ

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ጽሑፌን በወረቀት ላይ አይቼ ስህተቱን ልልቀም ብዬ ናካዋ ገበያ አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ ፎቶኮፒ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ማሽኑ የተፋውን ወረቀት በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካክላ ስትሰጠኝ ገና ትኩስ ነበር፤ ያ የጋለ አቧራና የቀለም ዱቄት የተቀላቀለበት ሽታ አፍንጫዬ ስር ሲደርስ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ከኋላዬ ተራውን የሚጠብቅ የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂ ጉሮሮውን ቢጠርግም፣ ልጅቷ ሒሳቡን ደጋግማ ብትነግረኝም፣ እኔ ወረቀቱን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ቆሜ ቀረሁ። ይህ ሽታ ለሌላው ሰው የቢሮ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የእሁድ ከሰዓት በኋላ ሽታ ነው፣ የጋሽ ታደለ ሸሚዝ ሽታ ነው፣ እማማ የሺመቤት የሚባሉ አንዲት በዓይኔ አይቻቸው የማላውቅ ሴት ሽታ ነው።

ያደግነው ካምፓላ ውስጥ፣ ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ ነው። ያኔ ሙቱንጎ እንዳሁኑ ፎቅ በፎቅ አልሆነችም፤ ከግቢያችን በር ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ሐይቁ ከሉዚራ ወዲያ ተዘርግቶ ይታየው ነበር፤ እኛ ልጆቹም ሌላ ስላላየን ባሕር ነበር የምንለው። ግቢው የናሎንጎ ነበር። ናሎንጎ ስሟ አይደለም፤ እዚህ አገር መንታ የወለደች ሴት ሁሉ በዚህ ማዕረግ ትጠራለች፤ የእኛይቱ ናሎንጎ መንታዎቿ አድገው፣ አግብተው፣ ወልደው እንኳን ሌላ ስም እንዳላት ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም። ከፊት ያለው ቤት የእሷ ነበር፤ ከኋላ በአንድ ረጅም ቆርቆሮ ስር የተደረደሩት ክፍሎች ደግሞ የእኛ የተከራዮቹ ነበሩ። ከወሎ የመጡት አባቴ ሰይድና እናቴ ዘይነብ፣ እኔና ወንድሞቼ ሁለቱን ክፍሎች ይዘናል። አባቴ ካምዎክያ ሰፈር ውስጥ የልብስ ሱቅ ነበረው። ቀጥሎ እትዬ ለተብርሃን አለች፤ ናካዋ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ስትረጋጋ አማርኛ፣ ሆዷ ሲባባ ደግሞ ትግርኛ የምትናገር ሴት ነበረች። ጥጉ ላይ ያለችውን አንዲት ክፍል የያዘው ጋሽ ታደለ ነበር።

ጋሽ ታደለ የጎጃም ሰው ነው፤ አገር ቤት አስተማሪ ነበር፤ ለምን እንደወጣ አዋቂዎቹ በልጅ ፊት አያነሱትም ነበር። ናካዋ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ማሽኑ አሮጌ በመሆኑ ከሚያወጣው ወረቀት የሚያበላሸው ይበልጣል እየተባለ ይቀለድበታል። የተበላሸውን ወረቀት ባለቤቱ ውሰደው ስላለው ጋሽ ታደለ ሁልጊዜ ማታ ማታ ብብቱ ስር እቅፍ ሙሉ ወረቀት ይዞ ይመጣና በንጹሑ ጀርባው ላይ ልብ ወለድ ይጽፍበት ነበር። አባቴ ይህን ባየ ቁጥር «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል፤ ሰውየው ደግሞ ይስቃል እንጂ አይቀየምም።

እሁድ ከምሳ በኋላ ግቢው መሐል ካለው ትልቅ የፌኔ ዛፍ ስር የፕላስቲክ ወንበሮች በክብ ይደረደራሉ፣ ለእኛ ለልጆቹ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ጋሽ ታደለም በሳምንት ውስጥ የጻፈውን ይዞ ይወጣል። ፌኔ ፍሬው የሕፃን ልጅ ያህል ይመዝናል፤ ከወደቀ ወዲያ ጨዋታ የለም፤ ስለዚህ ከመቀመጡ በፊት ቀና ብሎ ቅርንጫፉን የማያይ ሰው አልነበረም። እሱ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ በአማርኛ ሲያነብ እኛ ልጆቹ ከፊቱ በሆዳችን ተኝተን የወረቀቱን ሌላ ገጽ በእንግሊዝኛ እናነብ ነበር። ወዲያ በኩል እማማ የሺመቤት ችሎት ፊት ቆመው ዳኛውን ሲዘረጥጡት፣ ወዲህ በኩል ግማሹ የጠፋ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና፣ የመሬት ሽያጭ ውል፣ የአንድ ሠርግ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይነበባል። ሁለቱንም ቋንቋ የተማርኩት በአንድ ወረቀት ሁለት ፊት ነው ብል አልዋሸሁም፤ እስከ ዛሬም አንድ ነገር ሳነብ ከጀርባው ምን ይሆን ያለው ብዬ የመገልበጥ አመል አለብኝ።

እማማ የሺመቤት የመጽሐፉ ዋና ሰው ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው ርቆ የሄደባቸው፣ ከጎረቤታቸው ጋር በአንዲት ድንበር ላይ ባለች ቁራጭ መሬት ዓመታት የተሟገቱ፣ በበጋም በክረምትም ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ወረዳ ድረስ በእግራቸው የሚመላለሱ፣ ነገር የሚያውቁ፣ አንደበታቸው የማይቻል ሴት ነበሩ። አውራ ዶሯቸውን «ዳኛው» ብለው ሰይመውት ጠዋት ጠዋት ጥሬ እየበተኑ «ብላ፣ ጉቦህን ብላ» የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ይህችን ጋሽ ታደለ ያነበበ ቀን አባቴ ሳቅ አፍኖት ከወንበሩ ተነሥቶ አጥሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ናሎንጎ አማርኛ ባታውቅም ወንበሯን አምጥታ ትቀመጥና ሰው ሲስቅ ትስቃለች፤ ኋላ እኔ በሉጋንዳ ስተረጉምላት ደግሞ እንደገና ትስቃለች።

አባቴ ነጋዴ ነውና የማይጨበጥ ነገር አይወድም። ንባቡ ባለቀ ቁጥር አንዲት ጥያቄ ነበረችው፤ ይሄ ነገር ሆኗል ወይስ አልሆነም? ጋሽ ታደለ ልብ ወለድ ነው ብሎ ይመልሳል፣ አባቴም እንዲያ ከሆነ ምን አስጨነቀን እያለ ይነሣል፤ ነገር ግን እሁድ እሁድ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ፣ ከካምዎክያ በቦዳ እየበረረ የሚመጣው ማን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ በበኩሏ ሆነ አልሆነ የሚባለው ነገር አይገባትም ነበር። ሰኞ ዕለት ልብስ ስታሰጣ ከእትዬ ለተብርሃን ጋር ስለ እማማ የሺመቤት የሚያወሩት ልክ ስለ ጎረቤት እንደሚወራው ነበር፤ ጉልበታቸውን እንዴት አደረጋቸው ይሆን፣ ያ ልጃቸው ምነው ብቅ ባይል፣ ጠበቃውስ ቢሆን ታማኝ ነው ትያለሽ ይባባላሉ።

አንድ ክረምት ታዲያ ንባቡ ቆመ። ጋሽ ታደለ ወረቀት አልቆብኝ ነው አለ፤ እኛ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቅርጫት ለቅመን አንድ ክምር ብናመጣለትም አመስግኖ ከአልጋው ስር አስቀመጠው እንጂ አልጻፈበትም። ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጥና ሐይቁን ያያል፤ እናቴ የምትልክለት ሳህን ግማሹ ሳይነካ ይመለሳል። ቀልዱ ጠፋ፤ አባቴ ስለ ሞኝና ወረቀት ሲያነሣበት እንኳን ፈገግ ሲል ዓይኑ አብሮት አይስቅም። ሰውየው ከእጃችን እየወጣ እንደሆነ ሁላችንም እናያለን፤ ምን እንደነካው ግን አናውቅም። መጽሐፉ እምቢ ብሎት ነው አልን። እናቴ ይህ ሰው የጀመረውን ካልጨረሰ ጨርቁን ይጥላል ብላ ፈራች፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሳህኑን ራሷ ይዛለት ሄዳ፣ ምንም ቢሆን ምን በሚመጣው እሁድ እማማ የሺመቤትን ይዞ እንዲወጣ አስማለችው።

በእሁዱ ወጣ። ጥቂት ወረቀት ነበር የያዘው። ድምፁን ሳያነሣ ሳይጥል አነበበው። እማማ የሺመቤት ለውሳኔ ተቀጥረው ወረዳ እየሄዱ ሳለ መንገድ ላይ ደከማቸውና ከአንድ ድንጋይ ላይ ዐረፍ አሉ፤ ፀሐይ ስለበረታ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ መንገደኛ መጥቶ ሰላም ሲላቸው አልመለሱም። በቃ ይኸው ነበር። ጋሽ ታደለ ወረቀቱን አጥፎ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። እትዬ ለተብርሃን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ሸፈነች፣ አባቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ እናቴ ግን ተናደደች። ሴትየዋን ስንት ዓመት ሙሉ በእግሯ ሲያንከራትታት ኖሮ ፍርዱን እንኳን ሳትሰማ እንዴት ይገድላታል ብላ በነገታው ሽምግልና ገባች። የለመነችው ከባድ ነገር አልነበረም፤ ደክሟት ራሷን ሳተች በል፣ ጠበል አስረጫትና ትነሣ ነው ያለችው። እሷ እስላም ናት፤ ጠበሉን ግን ለእሱ ስትል ፈቀደች። እሱም እጁ ላይ እንዳልሆነ ነገራት።

እናቴ ስትመለስ እጁ ላይ ካልሆነ በማን እጅ ላይ ነው፣ ጻፊው እሱ አይደል ወይ እያለች ድስቱን ታንኳኳ ጀመር። በዚያ ሳምንት የሄደለት ሳህን ደረቅ ፖሾ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ከባቄላ ጋር ብቻ ነበር። ሰው የሚገድል ሰው ሥጋ ምን ያደርግለታል አለች። አባቴ ልብ ወለድ ነው እኮ ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ፤ እሱ ራሱ ግን ከዚያ እሁድ ወዲህ እህል አልዋጥ ብሎት ነበርና የሚሰማው አላገኘም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከግቢያችን የወጣው። እትዬ ለተብርሃን ቲማቲሟን ደርድራ ገበያ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ዓይኗ እንባ ያቅራል፤ ሽንኩርት ነው እንዳትል የሽንኩርቱ ጆንያ ገና አልተፈታም። አንዲት አበሻ ደንበኛዋ ምን ሆንሽ ስትላት የሺመቤት ሞተችብን አለቻት፤ ጋሽ ታደለን ሳየው ደግሞ አንጀቴን ይበላኛል አለቻት። ደንበኛዋ ማናት የሺመቤት ብላ አልጠየቀችም። እንዴትስ ትጠይቅ? በእኛ ሰው ዘንድ ለቅሶ ከሰሙ ይደርሳሉ እንጂ ሟች ማን ነው ብለው አይመረምሩም፤ እሱ ከተቀመጡ በኋላ የሚታወቅ ነገር ነው። እሷ ለሌላዋ ነገረች፣ ሌላዋ ለባሏ፣ ባሏ ካምዎክያ ላሉ ነጋዴዎች፤ ወሬው ከተማውን ሲዞር እኛ ብቻ አልሰማንም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እሁድ ደረሰ። ወንበሮቹን እንደ ልማዳችን ደርድረን ከፌኔው ስር ተቀምጠናል። ጋሽ ታደለ ይውጣ አይውጣ የሚያውቅ የለም፤ እናቴ ኩርፊያዋ አልበረደም፤ አባቴ መሬት መሬት ያያል፤ ማንም ከማንም አይነጋገርም። በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ኮት የደረቡ ወንዶች፣ ዳቦና ስኳር የተሸከሙ፣ ሻይ በፔርሙዝ የያዙ፣ ከሁለት ታክሲ የወረዱ ሰዎች እየተከታተሉ ገቡ። ፊት ፊት የሚመጡት ሐጂ ኑርዬ ነበሩ። ሐጂ ካምዎክያ ውስጥ ላሉት የወሎና የጅማ ነጋዴዎች አንጋፋ ናቸው፤ ሟች እስላምም ይሁን ክርስቲያን እሳቸው ያልደረሱበት ለቅሶ እንደ ለቅሶ አይቆጠርም ነበር። ሰዎቹም ሲገቡ ያዩት ነገር የጠበቁትን ነው፤ በክብ የተደረደረ ወንበር፣ አንገቱን የደፋ ሰው፣ ዝምታ። አንድም የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም። አንዳንዶቹ እየተላቀሱ፣ አንዳንዶቹ በዝምታ እጃችንን እየጨበጡ ተቀመጡ።

ናሎንጎ ነጠላዎቹን እንዳየች የገባት ከሁላችን ፊት ነው። ቤቷ ሮጣ ገብታ ጎሜሲዋን፣ ያንን ትከሻው የሾለ የክት ቀሚሷን፣ ለብሳ ወጥታ «ኪታሎ፣ ኪታሎ» እያለች ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፤ የእነሱ እግዜር ያጽናችሁ መሆኑ ነው። አባቴ ወደ እትዬ ለተብርሃን ጎንበስ ብሎ ማን ሞተ ሲላት እሷም አላወቀችም፤ ነገር ግን ማን እንደሞተ ኋላ ይደረስበታል ብላ ነው መሰል ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ አንዲት ሴት በለቅሶዋ መሐል የሺመቤት የሚል ስም ጠራች። የአባቴ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። ሐጂ ኑርዬን የሚያህል ሰው፣ ከካምዎክያ ድረስ፣ እዝን አስይዞ፣ በወረቀት ላይ ለሞተች ሴት! ይህ ነገር ቢሰማ አባቴ ገበያ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። ሊነሣና ይቅርታ ጠይቆ ነገሩን ሊያስረዳ ወንበሩን ገፋ፤ እናቴ የኮቱን ጫፍ ያዘችው።

እናቴ የምታየው ጋሽ ታደለን ነበር። ከክፍሉ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ እጁ ላይ ለንባብ ያዘጋጃቸው ወረቀቶች አሉ። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየ፤ ያዘቀዘቁትን ነጠላ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወረቀቶቹን ደፉ ላይ አስቀመጠ፣ ንፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ጫነባቸውና ወደ እኛ መጣ። ሐጂ ተነሥተው አቀፉት። ከጎናቸው አስቀመጡትና ለቅሶ ላይ የሚጠየቀውን በለስላሳ ድምፅ ጠየቁት።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ። ሟች ምንህ ናቸው?»

ወንድሜ ሊስቅ ሲል እኔ ክንዱን ቆነጠጥኩት።

«እናቴ ናት» አለ ጋሽ ታደለ።

እናቴ የአባቴን ኮት ለቀቀችው።

ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ነገራቸው። ክረምቱ ሲገባ አንድ ከናይሮቢ የመጣ ሰው ወረቀት ሊያስገለብጥ ፎቶኮፒ ቤቱ ይገባል፤ ሲነጋገሩ ያገሩ ልጅ ሆኖ ይገኛል፣ ቤታቸውንም ያውቃል። ሰውየው የሰማ መስሎት፣ እናትህ ካረፉ ወዲህ እኮ ቤቱ ተዘግቷል አለው። መርዶ በእኛ አገር በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ሆኖ፣ የሚይዝህ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው፤ ለጋሽ ታደለ ግን ማሽኑ እየሠራ ተነገረው። ሰውየውን አመሰገነ፤ ወረቀቱን ሰብስቦ፣ አስተካክሎ ሰጠው፤ ቀጣዩን ደንበኛ ተቀበለ። በዚህ ከተማ ውስጥ የእናቴን ስም የሚያውቅ ሰው የለኝም፣ ለማን ብዬ ነው የማለቅሰው አልኩ አላቸው።

እናቴ ይህን ስትሰማ አላስቻላትም። ከወንበሯ ተነሥታ ፊቱ ሄዳ ቆመች፤ በነጠላዋ አፏን ይዛ ምነው ለእኛስ፣ ለእኔ እንኳን እንዴት አትነግረኝም አለችው።

«ለሌላው ሁሉ ሞታለች እትዬ ዘይነብ» አለ። «እሁድ እሁድ ግን እዚህ ነበረች፤ ትሳደባለች፣ እናንተም ትስቁላታላችሁ። ከነገርኳችሁ ከዚህም ትሄድብኛለች ብዬ ፈራሁ። ላቆያት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ እስከ ዛሬ ሌላ ቦታ አላየሁም። እትዬ ለተብርሃን በትግርኛ ሙሾ አወረደች። እናቴ ደግሞ በወሎ ልማድ የሟችን ደግነትና ሙያ ትቆጥር ጀመር፤ ጃንጥላውን አነሣች፣ በክረምት የተሻገሩትን ወንዝ አነሣች፣ ዳኛው ፊት ቆመው የተናገሩትን ቃል በቃል አለችው፤ ካምፓላ ውስጥ ከእኛ ግቢ ሰዎች የበለጠ እኒያን ሴት የሚያውቅ አልነበረምና ሟች እንግዳ አገር ላይ ዕድር የሞላ ቀባሪ እንዳላቸው ሰው ተነገረላቸው። ወደ አውራ ዶሮው ስትደርስ ሐጂ ኑርዬ እንባቸውን እየጠረጉ ሳሉ ሳቅ አመለጣቸው፤ እሳቸውን ተከትሎ ጋሽ ታደለ ሳቀ፤ ከሳቁ ጋር ያ ክረምቱን ሙሉ ታምቆ የኖረው ለቅሶ ተገንፍሎ ወጣ፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ያዙት። የእናቱ እውነተኛ ስም ሌላ እንደነበር የነገረን በኋላ ነው፤ ለቀስተኛው ግን የሺመቤት እያለ ሲያለቅስላቸው አላረመም። የትኛው የእናቱ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ እሱ የጨመረው እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ አባቴ እንኳን አልጠየቀም።

እስከ ሰልስቱ ግቢያችን ሰው አልጎደለበትም። ናሎንጎ ማቶኬ፣ ያልበሰለ አረንጓዴ ሙዝ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና እየቀቀለች በትልቅ ሰፌድ ታወጣለች፣ ካምዎክያ ሱቃቸውን የዘጉ ነጋዴዎች ካርታ ይጫወታሉ፣ እኛ ልጆቹ የለቅሶ ቤት ዳቦ እንደ ጉድ እንበላለን። እናቴ ለጋሽ ታደለ በእጇ እያጎረሰች ነበር የምታበላው፤ ስለ ደረቁ ፖሾ ግን ራሷን ይቅር ብላ አታውቅም፤ ዛሬም ነገርን ነገር ሲያነሣው ያንን ሳህን ታነሣዋለች። ጋሽ ታደለ በዚያ ሳምንት ወዙ ተመለሰ። አርባው ካለፈ በኋላ ደግሞ ከአልጋው ስር ያስቀመጠውን እኛ የለቀምንለትን ወረቀት አወጣና መጽሐፉን ጨረሰው። እናቴ እንደፈለገችው ፍርዱ ለእማማ የሺመቤት ተፈረደ፤ ውሳኔውን መቃብራቸው ላይ ሄዶ ያነበበላቸው ያ ርቆ የሄደው ልጃቸው ነው። ያን እሁድ ከለቅሶው የቀሩ ሰዎች ከካምዎክያ ድረስ ሊያዳምጡ ስለመጡ ወንበር አልበቃንም።

ጋሽ ታደለ ከጊዜ በኋላ የኖርዌይ ጉዞ ተፈቅዶለት መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። አሳተመው ሲባል አልሰማሁም። በረመዳንም በፋሲካም ይደውላል፤ እናቴም ሁልጊዜ በልተሃል ወይ ነው የምትለው። እትዬ ለተብርሃን ልጆቿን ተከትላ አውስትራሊያ ናት። አባቴን ቀብረነዋል፤ ሐጂም አርፈዋል። ፌኔው ለፎቅ ሲባል ተቆረጠ፤ ሐይቁም ከዚያ በር ላይ አይታይም። እናቴና ናሎንጎ ግን እዚያው አሉ፤ ሁለቱም ጉልበታቸው እምቢ ቢላቸውም እየተደጋገፉ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ በአማርኛና በሉጋንዳ እየተነጋገሩ አንዱም አይጠፋቸውም።

እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ደስተኛ ነኝ፤ ይህን ያህል ደስተኛ የሚያደርግ ሥራ ሌላ ስለመኖሩ አላውቅም። አዲስ አበባ የታተሙ መጻሕፍት አሉኝ፤ አጫጭሮቹን በስልክ አወጣቸዋለሁ፤ ዓለም ላይ የተበተነው ሰው ሁሉ ያነብባቸዋል። አንድ ሰው ስገድል አንባቢዎቼ ቀይ ልብና የሚያለቅስ ፊት ይልኩልኛል፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ አላማቸውም። ነገር ግን የጻፍኩትን አንብቦ ነጠላውን አዘቅዝቆ የግቢዬን በር ያንኳኳ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ ሟች ምንሽ ናቸው ብሎ የጠየቀኝም የለም። አሁን ሁሉም ሰው ልብ ወለድ መሆኑን ያውቃል።

ከእናቴ በቀር። እሁድ እሁድ ሙቱንጎ ሄጄ የጻፍኩትን አነብላታለሁ። ባለፈው ጊዜ አንድ ሽማግሌ አናጢ ታሪኩ ስለጠየቀ ብቻ ገደልኩ፤ ማንንም አስቤ አልነበረም። አንብቤ ጨረስኩ። ሻይ ላፈላ ጓዳ ገብቼ ስመለስ ስልኩን ይዛ ደሴ ደውላለች፣ ጅማ ደውላለች፣ ወንድሞቼ ጋ ደውላለች፤ ሁሉም ደህና መሆናቸውን ካረጋገጠች በኋላ አጠገቧ አስቀመጠችኝና እጄን ያዘች።

«ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ።

ማንም አልሞተብኝም ብዬ በአላህ ስም ማልኩላት፤ አጥብቃ አየችኝና አመነችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሰው ከመግደሌ በፊት እደውልላትና ደህና ነኝ፣ ሥራ ነው እላታለሁ። እሷ ግን ዕድሜዋ ገፍቷል። አንድ ቀን በአንዱ መጽሐፌ ውስጥ ነገር የምታውቅ አንዲት አሮጊት ትሞታለች፤ ያን ቀን ስልኬ በልብና በሚያለቅስ ፊት ይሞላል፤ ማን ሞቶብሽ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ግን አይኖርም።